የፍሬን ዲስክ ቶርኖ ቤት ይግባ ወይስ ይለወጥ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የፍሬን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እየላላ ሲሄድ፣ ከአንድ ወር በፊት ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚላጥበት ቦታ) ያስላጥኳቸው የፊት ዲስኮች፣ ማለትም ፍሬኑ የሚጨብጣቸው ከጎማው ጋር የሚሽከረከሩ ክብ ብረቶች፣ ወዲያው ትዝ አሉኝ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ቀንሼ ጥግ ይዤ ቆምኩና እስኪበርድ ጠብቄ በሰላም ተሻገርኩ፤ ይሁን እንጂ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ስለነበር ነገሩን በዋዛ ማለፍ አልቻልኩም።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዲስኮቹ የፋብሪካው ሳይሆኑ ከሶማሌ ተራ የተገዙ ተመሳሳይ ሥሪቶች ነበሩ። ፍሬን ስይዝ መሪው መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ መካኒኩ «ዲስኩ ጠሟል፣ ይላጥ» አለኝ፤ የቶርኖው ዋጋ ከአዲስ ዲስክ እጅግ ያነሰ በመሆኑ እኔም ተስማማሁ። ውፍረቱን ግን እሱም እኔም አልለካንም።

ፍሬን የሚሠራው የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። 1300 ኪሎ የምትመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ ወደ 12.7 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቀቃል፤ ሞተሩ በከባድ ማርሽ ካላገዘ ደግሞ አብዛኛው ዲስኩ ላይ ያርፋል። ብረቱ በሳሳ መጠን በዚያው ሙቀት ይበልጥ ይግላል፣ ግለቱም ዲስኩን በሚጨብጠው የፍሬን ሸራ አልፎ፣ ሸራውን የሚገፋው ካሊፐር ውስጥ ወዳለው ዘይት ይደርሳል፤ ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ይላላል። «ዶት 3» የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ የሚጠይቀው አዲስ ሳለ ቢያንስ በ205 ዲግሪ፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ቢያንስ በ140 ዲግሪ እንዲፈላ ነው። የእኔ ዘይት ለዓመታት ያልተቀየረ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በዲስኩ ላይ ማሳበብ አልፈልግም።

አዲስ አበባ ስመለስ ጎማውን ፈትቼ ዲስኩን ለካሁት። ጠርዙ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት 23 ሚሊሜትር መሆኑ ታትሞበታል። ውፍረት የምለካበት ቬርኒየር መጀመሪያ 23.9 አሳየኝ፤ ነገር ግን የመለኪያው መንጋጋዎች ያረፉት ሸራው በማይደርስበት፣ ዝገት ባሳበጠው ጠርዝ ላይ ነበር። ሸራው በሚነካው ገጽ ላይ ግራና ቀኝ አንዳንድ የአንድ ብር ሳንቲም አስደግፌ ለካሁና የሳንቲሞቹን ውፍረት ቀነስኩ፤ 22.6 ሆነ። ዲስኩ ከቶርኖ ቤት የወጣው መጣል ከነበረበት ልክ በታች ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የታተመው ቁጥር የመላጫ ልክ ሳይሆን የመጣያ ልክ ስለሆነ፣ ዲስኩ ከተላጠ በኋላም ለቀጣዩ ሸራ ዕድሜ የሚበቃ ብረት ሊተርፈው ይገባል። 25 ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራ ዲስክ 24.6 ላይ ሳለ ጥቂት ጭረት ቢኖረው፣ ሁለቱም ገጾች በአንድ እስር (ዲስኩ ከማሽኑ ሳይፈታ) እስከተላጡ ድረስ ቶርኖ አይጎዳውም። አንዱን ገጽ ልጦ ዲስኩን ፈትቶ መገልበጥ ግን የገጾቹን ትይዩነት ሊያበላሽ ስለሚችል መንቀጥቀጡን መልሶ ያመጣዋል። በእጅጉ ያለቀ፣ ስንጥቅ ያለበት ወይም ቁጥሩ የማይነበብ ተተኪ ዲስክ ከሆነ ያለማቅማማት ይለወጥ።

«ጠሟል» የሚባለው ዲስክም ብዙ ጊዜ አልጠመመም። ዲስኩ በሚቀመጥበት ሞዞ (የጎማው መታሰሪያ እምብርት) ላይ የተጋገረ ስስ ዝገት ወይም ያለ መለኪያ እኩል ባልሆነ ጉልበት የጠበቀ የጎማ ዳዶ ዲስኩን ያወላግደዋል፤ ሲወላገድም ገጹ ቀስ በቀስ እኩል ያልሆነ ውፍረት ይይዛል። የእኔን ሞዞ በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው የወጣው ቡናማ ዱቄት እፍኝ ይሞላ ነበር።

አዲሶቹን ጥንድ ስገዛ ሁለት ዓይነት ዲስክ በሚዛን አስመዘንኩና ከበድ ያለውን፣ የውስጥ የአየር መተላለፊያ ክንፎቹ የተሟሉትን መረጥኩ። የመከላከያ ቅባቱን አጥቤ፣ ከአዲስ ሸራና ከአዲስ ዘይት ጋር አስገጠምኩት፤ ዳዶዎቹንም በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በ103 ኒውተን ሜትር አጠበቅኋቸው። መሪው አሁን አይንቀጠቀጥም።