አማካዩ የዋጣት ሩብ ሰዓት

የትራፊክ ጥናት መገምገም ደረቅ ሥራ ነው። አልሚው አማካሪ ይቀጥራል፣ አማካሪው ወፍራም ጥናት ያመጣል፣ እኔ ደግሞ በፈቃድ ሰጪው ወገን ተቀምጬ አነበዋለሁ። አብዛኛው ገጽ አባሪ ነው። አባሪ የሚያነብ ሰው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም የለም።

ያኔ የመጣው ጥያቄ የተለመደ ዓይነት ነበር። ከከተማው ዳር ያለ ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ከጎኑ ባዶ መሬት። መሬቱ በመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ላይ ለቪላ ብቻ ተመድቧል። አልሚው ምደባው ይቀየርልኝና 200 አፓርታማ ልሥራበት አለ። ከሰፈሩ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው መውጫ አንድ ብቻ ነው። መውጫው አጠገብ ትምህርት ቤት አለ።

በሕዝብ ውይይቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። የአማካሪው መሐንዲስ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ልጅ። ስሌቱን ያወጣው የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም ከሚያሳትመው መመሪያ ነው። በዚያ መሠረት በጠዋቱ የጥድፊያ ሰዓት አንድ ቪላ በአማካይ 0.7 ገደማ የመኪና ጉዞ ያመነጫል። ፎቁ ዝቅ ባለ ሕንፃ ውስጥ ያለ አፓርታማ ግን 0.4 ገደማ ነው። ስለዚህ 200 አፓርታማ በሰዓት 80 መኪና ይጨምራል። ይኼ ማለት በየ45 ሴኮንዱ አንድ መኪና ነው። በመሬቱ ላይ 100 ቪላ ቢሠራ እንኳ 70 መኪና መምጣቱ አይቀርም። «ልዩነቱ 10 መኪና ነው» አለ። መውጫው ከዋናው መንገድ ጋር የሚጋጠምበት መገናኛም ከኤ እስከ ኤፍ ባለው መለኪያ ሲ አግኝቷል። አንድ መኪና ለመውጣት በአማካይ ከ25 ሴኮንድ በላይ አይጠብቅም ማለት ነው።

ሕዝቡ ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ከኋላ አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አወጡ። የተማሪዎች ሰርቪስ ይነዳሉ። «ልጄ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እዚያ ጋ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ካሜራ ተክለን ቆጥረናል አባቴ።»

«ካሜራውማ አይረፍድበትም» ብለው ተቀመጡ።

በማግስቱ ጥናቱን ከጀርባ ጀመርኩት። መኪና የሚቆጠረው በየ15 ደቂቃው ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ረድፍ ላይ አራት ቁጥሮች ተደርድረዋል፦ 60፣ 240፣ 110፣ 70። ድምሩ 480። በሰዓት 480 መኪና ለዚያ መንገድ ምንም አይደለም። ግን ግማሹ በአንዷ ሩብ ሰዓት ውስጥ ታጭቋል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ይጀምራል፣ ልክ ሰውዬው እንዳሉት።

ይኼን ነገር የምንለካበት መንገድ አለ። የሰዓቱን ድምር ከፍተኛው ሩብ ሰዓት በአራት ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር ታካፍለዋለህ። መኪናው ሰዓቱን ሙሉ እኩል የሚፈስ ከሆነ 1 ይመጣል። እዚህ ጋ 480 ለ960 ሲካፈል 0.5 ነው። በጥናቱ ላይ ያለው ግን 0.92 ነበር።

ለልጁ ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ይቺን 0.92 ከየት አገኘሃት?»

ትንሽ ዝም አለ። «ሶፍትዌሩ ራሱ ይዟት የመጣ ቁጥር ናት» አለኝ። አልተከራከረም፣ ይኼ ያስመሰግነዋል። ቁጥሯን ቀይሮ እንደገና ሲያሰላው መገናኛው ከሲ ወደ ኤፍ ወረደ። መብራት ለሌለው መገናኛ ኤፍ ማለት በአማካይ ከ50 ሴኮንድ በላይ መጠበቅ ነው። የመኪናው ሰልፍ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሰፈሩ ያሸንፍ ነበር። እኔ ግን አፓርታማዎቹን አውጥተህ አስላልኝ አልኩት። አሁንም ኤፍ! መጨናነቁን የሚፈጥሩት ገና ያልተሠሩት ቤቶች አልነበሩም። ያቺን ሩብ ሰዓት የሚሞሉት ልጆቻቸውን የሚያደርሱት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። አዲሶቹ ቤቶች ያባብሱታል እንጂ አይወልዱትም።

በሁለተኛው ስብሰባ ይኼን ስናገር ሁለቱም ወገን ጠመደኝ። አልሚው ጥናቱን ስላፈረስኩበት፣ ነዋሪው መኪናውን ስለቆጠርኩበት። አንድ ሰው ተነስቶ ስለ ትራፊክ ብዙ ከተናገረ በኋላ «ለነገሩ ተከራይ ከበዛ ሰፈር ሰፈር አይሆንም» ብሎ ቁጭ አለ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ያውቀዋል፤ ትራፊክ አንዳንዴ የጨዋ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግን የሰርቪስ ሾፌሩ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ሁለቱ ከአንድ አዳራሽ ስለወጡ ብቻ አንድ ላይ ጠቅልሎ መጣል ለቢሮ ሰው በጣም ይቀላል።

መፍትሔው ላይ ብዙ ተጨቃጨቅን። መብራት ይተከል ያሉ ነበሩ። ለአንድ ሩብ ሰዓት ብለህ መብራት ስትተክል ግን ቀሪውን ቀን ሰው ባዶ መንገድ ላይ ቀይ እያየ ይቆማል። አደባባይ ጥሩ ነው። መደበኛ መስቀለኛ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው 32 ነጥቦች አሉ፣ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ላይ 8 ብቻ። የእኛ ግን ባለ ሦስት አቅጣጫ ስለሆነ የሚቀንሰው ከ9 ወደ 6 ነው፣ ቦታም የለም። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ልጆች የሚወርዱበትን ቦታ ወደ ግቢው ውስጥ እንዲያስገባ ተስማማ። የምደባ ለውጡም ቅድመ ሁኔታ ተጨመረበት፦ በአዲሱ መንደር በኩል ወደ ኋለኛው መንገድ ሁለተኛ መውጫ ሳይከፈት ማንም ቤት ውስጥ አይገባም።

«ሁለተኛ መውጫ!» እያሉ በስብሰባው ላይ ሲጮኹ ከነበሩት አብዛኞቹ የኋለኛው መንገድ ነዋሪዎች ነበሩ። መስመሩ የሚያልፍበት ካርታ ሲለጠፍ ከእነሱው ፊርማ የተሰበሰበበት አቤቱታ መጣ። ምክንያት፦ የትራፊክ መጨናነቅ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ትምህርት ሲከፈት መንገዱ ይቆጠራል፣ በየ15 ደቂቃው።