በሐምሌ ከደሴ ወደ ማይባር፦ ጭቃ፣ ሁለት መኪናና አንድ ውሻ

ደሴ ዙሪያ በክረምት ከአስፋልት ለሚወጣ ሰው ጉልበተኛ ሞተር ብዙም አያድነውም። ዳገቱን መውጣት ቀላል ነው፤ ጣጣው ዝናብ ከወረደበት በኋላ ያንኑ ዳገት መውረድ ላይ ነው። ስለዚህ ከጓደኞቼ ጋር በአልቡኮ ወረዳ ወዳለው ማይባር ሐይቅ ስንሄድ ሁሉን ነገር የምናሰላው ከመልሱ ተነስተን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከደሴ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንነሳለን፤ የትም ብንደርስ 6 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እናዞራለን። «ሐይቁ እኮ እዚች ጋ ነው» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ አይሰማም።

ሃቡ (የፊት ጎማን ከሞተሩ ኃይል ጋር የሚያያይዘው፣ ጎማው መሃል ላይ ያለው መቆለፊያ) በእጅ የሚቆለፍ ላንድ ክሩዘር ከሆነ፣ ደረቅ መሬት ላይ ሳለን ወርደን እንቆልፈዋለን። ጭቃ ከዋጠው በኋላ ሃብ ፍለጋ እጅን እስከ ክርን መስደድ ነው። ቀጥሎ የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 22 ፒኤስአይ እናወርዳለን። የላላ ጎማ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ ሲተጣጠፍም ጥርሱ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ዋልካ ያራግፋል። ከ15 በታች ከወረደ ግን መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ነፋሱ ሳይመለስ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አንነዳም። የነፋስ መሙያውን ከሲጋራ መለኮሻው ጋር አታገናኙት፣ ፊውዝ ያቃጥላል፤ በቀጥታ ከባትሪው ይሁን።

ቁልቁለቱ የሚወረደው በሎ (መኪናውን በዝግታና በኃይል በሚያስኬደው ተጨማሪ ማርሽ) አንደኛ ላይ ነው። ሎው መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ይገባል። ከዚያ እግር ከፍሪሲዮንም ከፍሬንም ይነሳል። ፍሪሲዮን ከተረገጠ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል። ፍሬን በኃይል ከተረገጠ ደግሞ ጎማው ይቆለፍና ዋልካው ላይ እንደ ሳሙና ይሄዳል፤ መሪም አይታዘዝም። የኋላው መሸሽ ከጀመረ መሪውን ወደሸሸበት ማዞርና ነዳጅ በስሱ መንካት ነው። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጠት ያስፈራል፤ ነገር ግን ጎማው ካልተሽከረከረ መሪ አይመለስም። ሁለተኛው መኪና የፊተኛው ሜዳ እስኪደርስ ድረስ ከላይ ይጠብቃል።

ጎማ ባዶውን መዞር ሲጀምር ወዲያው ነዳጅ መልቀቅ ነው። «ትንሽ ጨምርበት» የሚለው ምክር ዲፈረንሻሉን (በግራና ቀኝ ጎማ መሃል ያለውን የማርሽ ቤት) መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያኔ ከገመድ በፊት አካፋ ነው። ጭቃው ከየጎማው ፊትና ከዲፈረንሻሉ ስር ይዛቃል። ክሪክ ብቻውን ስለሚሰምጥ 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከመኪናው አይጠፋም። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጎማ ስር ስትከቱ ቅጠሉን አራግፉ፣ እርጥብ ቅጠል ራሱ ያንሸራትታል፤ እንጨቱንም አግድም አድርጉት። ድንጋይ ካስፈለገ ከወንዝ ይምጣ። ከእርከን ላይ አንድም ድንጋይ አይነሳም፤ በምትከፈተው ቀዳዳ ጎርፍ ገብቶ የገበሬውን አፈር ይዞ ይወርዳል።

ገመዱን ሻንሲው ላይ ካለው መጎተቻ ጋር እናስራለን። ባምፐር ላይ ከታሰረ ብረቱ ተገንጥሎ ከገመዱ ጋር ይወነጨፋል። መሃሉ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል እናደርጋለን፤ ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይርቃል።

ጅረት ሲያጋጥም አንድ ሰው ዱላ ይዞ በእግሩ ይሞክረዋል። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ውሃው እየደፈረሰና እየጨመረ ከመጣ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነውና ቆመን እንጠብቃለን። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ አለመደፈኑን ከመነሳታችን በፊት እናያለን። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በጎሚኒው (ዘይቱን በሚያግደው ላስቲክ) በኩል ውሃ ይስባል።

ውሻው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ላይ፣ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ ከወንበሩ ቀበቶ ጋር ተያይዞ ነው። በአንገቱ ብቻ ማሰር አደገኛ ነው፤ ፒክአፕ ጭነት ላይማ አይታሰብም። እንዳያስመልሰው ከመነሳታችን ከሦስት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አንሰጠውም። መኪና ሲያዝ ከሁሉ ቀድሞ እሱ ሌላኛው መኪና ውስጥ ይዘጋል፤ አካፋ ይዞ የሚሯሯጥ ሰው ሲያይ ጨዋታ ይመስለውና ጎማ ስር ይገባል። የረጠበ ውሻና አራት ሰው መስታወቱን በአንድ አፍታ ያጨልሙታል፤ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሮ መክፈት ነው፣ ኤሲው እርጥበቱን ይመጠዋል። በጣቶቹ መሃል የተጋገረ ዋልካ ሲደርቅ ያነክሰዋል፣ ስለዚህ በየማረፊያው ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት፤ መንደሩ ሁሉ ከብት ጠባቂ ውሻ አለው። ገበሬ ቤት ቡና ከተጠራን ውሻው መኪናው ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ እንደ ሥርዓቱ ካልታጠበ አይበላበትም፤ ስለዚህ ሳህኑንም ውሃውንም ከቤት ይዘንለት እንሄዳለን። መንገድ ስንጠይቅም «አባባ፣ መኪና ያልፋል?» ከማለት «አባባ፣ ዛሬ መኪና አልፏል?» ይሻላል። ለመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኛው ሰው እንግዳ ላለማሳዘን «ያልፋል» ይላል።

አስፋልት ስንደርስ ሃቡ ይፈታል፣ ነፋሱ ወደ 35 ይመለሳል። ከመካከላችን ወደ ኮምቦልቻ የሚሄዱት የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረዳቸው በፊት ፍሬኑን በዝግታ ደጋግመው ይረግጣሉ፣ ውሃውና ጭቃው እንዲወጣ። በማግስቱ የዲፈረንሻል ዘይቱ ይታያል፤ ቀለሙ ወደ ነጭ ካደላ ውሃ ገብቶበታልና ይቀየራል። የውሻው ጆሮና ብብትም ለመዥገር ይፈተሻል።