«ቤቱ ነው ያለው» የምንለው ልጅ

እዚህ ሜሪላንድ ያለን ወላጆች የብዙዎቻችንን ስልክ የሚያስተካክሉልን ልጆቻችን ናቸው፣ ኢሜይል የከፈቱልን እነሱ፣ ፓስወርዳችንን የሚያውቁት እነሱ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀት አንብበው የሚነግሩን ራሳቸው እነሱ። አባት ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ አድሮ፣ እናት ነርሲንግ ሆም ደብል ሰርታ ስትገባ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ቁጭ ብሎ ስናገኘው ተመስገን እንላለን፣ ውጪ አልወጣ፣ ከዱርዬ ጋር አልዋለ፣ ቤቱ ነው ያለው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እሱ ቤቱ ያለው ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት በቅርብ የማውቃት እናት እያለቀሰች ደወለችልኝ። ልጇ 14 ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ። ጌም ሲጫወት አንዲት «እኩያህ ነኝ» ያለች ተዋወቀችው፣ ከዛ ጌሙን ትተን ሌላ ቦታ እናውራ አለችው፣ የራቁት ፎቶ ላከችለት፣ የራሱን እንዲልክ ለመነችው፣ ላከ። ልጅቷ የምትባል የለችም ለካ፣ አጭበርባሪዎች ናቸው። ወዲያው ጊፍት ካርድ (በገንዘብ የተሞላ የስጦታ ካርድ) ገዝተህ ቁጥሩን ካልላክ ለክፍል ጓደኞችህና ለእናትህ እንበትነዋለን አሉት፣ የጓደኞቹን ስም ዝርዝር ሳይቀር ስክሪን ሾት አድርገው አሳዩት። ያጠራቀማትን ላከ፣ ጨምር አሉት፣ በእናቱ ካርድ ገዛ፣ አሁንም ጨምር። እሷ ያወቀችው ከባንክ ሂሳቧ ላይ ነው።

ለምን አልነገርከኝም ስትለው «ማሚ ትሞቻለሽ ብዬ ፈራሁ» አላት። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። እነዚህ ሰዎች የሚሰሩት በእፍረት ነው፣ እፍረት ደሞ እኛ ቤት ሞልቷል፣ ልጆቻችን ሰው ምን ይላል፣ ስንት ለፍቼ አሳድጌህ እንዳታዋርደኝ ሲባሉ ነው ያደጉት። ኤፍቢአይ እንደሚለው በዚህ ወጥመድ በብዛት የሚያዙት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። እኛ ደሞ የምንጠብቀው ሴቷን ብቻ ነው!

እባካችሁ ገንዘብ አትላኩ፣ ሲከፈላቸው ይብሳሉ እንጂ አይተዉም። በንዴት አካውንቱንም ቻቱንም አታጥፉ፣ ማስረጃው እሱ ነው፣ ሪፖርት አድርጋችሁ ሰውየውን ብሎክ አድርጉት። የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ስልክ 1-800-843-5678 ነው። ማዕከሉ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት አለው፣ ፎቶው ከስልኩ ሳይወጣ የፎቶው ዲጂታል አሻራ ብቻ ይወሰድና አብረውት የሚሰሩ ድርጅቶች ያንን ፎቶ ገጻቸው ላይ ሲያገኙት ያነሱታል፣ ስም አይጠይቅም፣ ፎርሙን ልጁ ራሱ መሙላት ይችላል። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም ብሎ የሚፈራ ወላጅም ቢያንስ ይህንን ማድረግ ይችላል።

ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ፣ የጌሙን ቻት በወላጅ አካውንት መዝጋት ይቻላል፣ ማታ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ልጁን ቁጭ አድርጎ «ምንም ብታደርግ፣ ራቁትህን ፎቶ ብትልክ እንኳን፣ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ፣ አልመታህም፣ ስልክህንም አልቀማህም» ማለት ነው። አዎ ያሳፍራል፣ እኛ እንዲህ ስንባል አላደግንም፣ ግን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በሉት፣ አንዴ ብላችሁም አትተዉት።

ያቺ እናት መክፈሉን አቆመች፣ ሪፖርት አደረገች፣ ጥቂት ቀን ዛቱና ጠፉ። ልጁ አሁን ደህና ነው። ፎርሙን መሙላት የከበዳችሁ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሞላለን፣ የማንንም ልጅ ስም አልጠይቅም።