የሌለችው ባቡር

ሰሞኑን እንግሊዝ ዮርክ ከተማ ያለውን የባቡር ሙዚየም አይቼ መጣሁ። ማላርድ እዚያ ናት፣ ሰማያዊዋ፣ በእንፋሎት ከሚሄዱት ሁሉ የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን ባለቤት። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እሷ ጋ ነው። ይገባታል። እኔን ግን ከተመለስኩ ወዲህ የሚከነክነኝ እዚያ የሌለችው ናት፤ ሲልቨር ሊንክ። ከዚያ ዘር መጀመሪያ የተሠራችው እሷ ነበረች፣ ዛሬ የለችም።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመኖች ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. ከበርሊን ሀምቡርግ በናፍጣ የሚበር ባቡር ሥራ ጀመረ። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ የሚወስደውን የምሥራቁን መስመር የያዘው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ናይጀል ግሬስሊ ሄዶ ተሳፈረበትና ወደደው። ለእኛ መስመርስ ብለው ሲጠይቁ፣ ጀርመኖቹ ከለንደን ኒውካስል በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ እናደርሳለን አሉ። ግሬስሊ አስቦ አስቦ፣ ይሄንንማ እኛው በከሰልና በውሃ እንሠራዋለን አለ። በ4 ሰዓት። መንገዱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ኤ4 የተባለው የሎኮሞቲቭ፣ ማለት የባቡር ጎታች፣ ዓይነት የመጣው እንዲህ ነው። አፍንጫው ቁልቁል የተዳፋ፣ ጎኑ በላሜራ የተሸፈነ፣ ነፋስ እንዳይዘው። የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ 25ኛ የንግሥና ዓመት ስለነበር ባቡሩን ሲልቨር ጁቢሊ አሉት፣ ቀለሙንም ብርማ አደረጉት። በመስከረም 1935 እ.ኤ.አ. ጋዜጠኞችና እንግዶች ተጭነው ለሙከራ ሲወጡ ሲልቨር ሊንክ ሁለት ጊዜ በሰዓት 181 ኪሎ ሜትር ገባች። ከኋላ ያለው ሰው እየተላጋ ወንበሩን ጨብጧል፣ ሾፌሩ ምንም አያውቅም። ግሬስሊ ራሱ ሄዶ ቀስ በል እንዳለው ይወራል።

በየት በኩል ሄደ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም ስለምወደው። ከሎኮሞቲቩ ኋላ ያለው የከሰልና የውሃ ፉርጎ ጎኑ ላይ መተላለፊያ ነበረው። ወርዱ 46 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል። ትከሻህን አጣመህ፣ አንገትህን ሰብረህ ነው የምታልፈው፣ በአንድ በኩል ውሃና ከሰሉ፣ እግርህ ስር ደግሞ ሐዲዱ እየሮጠ። የተሠራው ከለንደን ኤዲንብራ ሳይቆም 630 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው ባቡር ነው። መንገድ ላይ ሁለተኛው ሾፌርና እሳት አንዳጁ ከተሳፋሪው ክፍል ተነስተው በዚያ ቀዳዳ ይሾልኩና የደከሙትን ይቀይራሉ፣ የተቀየሩት ደግሞ በዚያው ወጥተው ያርፋሉ። ማንም እግሩን ዘርግቶ ሻይ ሲጠጣ ይሄ ሁሉ መኖሩን አያውቅም።

መደበኛው ጉዞ የተጀመረው መስከረም 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ቀኑን ሳየው ደነገጥኩ። በሦስተኛው ቀን፣ መስከረም 22፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። እነሱ የንጉሣቸውን በዓል በብር ቀለም ሲያደምቁ እኛ ክተት ነበርን። ግንኙነት የለውም፣ አውቃለሁ፣ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም።

ወደ ሲልቨር ሊንክ ልመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እህቶቿ ገና ስላልደረሱ ሥራውን ብቻዋን ተሸከመችው። ጠዋት ከኒውካስል ለንደን፣ ማታ መልስ፣ ቅዳሜና እሁድ ሲቀር በየቀኑ ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ። አዲስ መኪና፣ ያልተፈተነ፣ መለዋወጫ የሌለው። አንድም ቀን አላስቀረችም። ለእኔ ጀግንነት ይሄ ነው።

የማላርድ ታሪክ ግን የሳምንታት አይደለም፣ የአንድ ቀን ነው። ሐምሌ 3 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. የፍሬን ሙከራ ነው ተብሎ ወጥታ፣ ጆ ዳዲንግተን እየነዳ፣ ቶሚ ብሬይ ከሰል እየወረወረ፣ ስቶክ በሚባለው ቁልቁለት በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ነካች። ጀርመኖችን በጥቂቱ በለጡ። ከዚያስ? የመሃለኛው ሲሊንደር ኩሽኔታ ጋለና ቀለጠ። ፒተርቦሮ ላይ ቆመች፣ እንግዶቹን ለንደን ያደረሰቻቸው ሌላ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ናት። ችግሩ ደግሞ የታወቀ ነበር፤ ቦታው ከውስጥ ስለሆነ ሾፌሩ አያየውም፣ ስለዚህ ሲግል ፈንድቶ እንስላል እንስላል የሚሸት ብልቃጥ ይቀብሩበት ነበር። በአፍንጫ የሚነበብ ጌጅ በሉት! በደንብ የተስተካከለው በ1950ዎቹ ኬነት ኩክ የሚባል ሰው ከተፎካካሪው የምዕራብ መስመር ሲመጣ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ጌጡ ሁሉ ቀረ። ጥቁር ቀለም ተቀቡ፣ መካኒኩ እጁን ማስገባት ስላልቻለ የጎማው ላሜራ ተነሳ፣ ሲልቨር ጁቢሊም ቆመ፣ ተመልሶም አልመጣ። ግሬስሊ በ1941 ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ከ35ቱ ኤ4ዎች አንዷ ዮርክ ላይ በጀርመን ቦምብ ወደመች፣ ያውም ዛሬ ሙዚየም በሆነው ማደሪያ ውስጥ ቆማ። የቀሩት የናፍጣዎቹ ሎኮሞቲቮች እስኪተኳቸው ሠሩ፣ መጨረሻዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎውና አበርዲን መካከል እስከ 1966።

ስድስት ተርፈዋል። አንዷ አሜሪካ ናት፣ በጄኔራል አይዘንሃወር ስም፣ አንዷ ካናዳ። ሁለቱን በመርከብ አስመጥተው በ2013 እ.ኤ.አ. ስድስቱንም ዮርክ ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ሲልቨር ሊንክ ግን በ1963 በተሠራችበት በዶንካስተር ፋብሪካ ተቆራርጣ ለቁርጥራጭ ብረት ሄዳለች። ማን እንደፈረመበት አላውቅም፣ ግን አንዷን ብቻ አስቀር ብባል ማላርድን ሰጥቼ እሷን እወስድ ነበር።