ጂሚ ሳይመጣ የሞተበት አልበም

ትናንት ከሰዓት ከጅሬን ወደ ጅማ ከተማ በእግሬ ወረድኩ። ጆሮዬ ላይ የአሜሪካኖቹ ሮክ ባንድ የግሪን ዴይ አልበም «አሜሪካን ኢዲየት» ነበር። 57 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መንገዱን ሳልጨርስ አለቀ። አልበሙን በቃሌ አውቀዋለሁ። በራሱ ተራ ስሰማው ግን ትናንት የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2004 ነው፤ በእኛ መስከረም 11 ቀን 1997። ጅማ፣ እኛ ዶርም የደረሰው ግን ከዓመታት በኋላ በኤምፒስሪ ሲዲ ነው። አንዱ የዶርም ልጅ ከሲዲ ቤት አስጭኖት መጣ። ሬጌው፣ ራፑ፣ የሕንድ ፊልም ዘፈኑ ሁሉ አብሮ ተጠቅጥቋል። ፋይሎቹ ቁጥር አልነበራቸውም። ማጫወቻው ታዲያ ምን ያድርግ? በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደረደራቸው። እኛም እንደዚያው ለመድነው።

ችግሩ አልበሙ ታሪክ ነው፤ ሮክ ኦፔራ የሚሉት ዓይነት። ሰፈሩ ያንገሸገሸው ልጅ አለ። ከቤት ወጥቶ ትልቅ ከተማ ይገባል። እዚያ ሴይንት ጂሚ የሚባል እብድ ያገኛል፣ አንዲት ልጅም ይወዳል። በኋላ ጂሚ ይሞታል፣ ልጁም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእኛ ሲዲ ግን ልጁ ሳይሄድ ይመለሳል! «ሆምካሚንግ» ከ«ጂሰስ ኦፍ ሰበርቢያ» ይቀድማላ። የጂሚ ሞት ያለው ደግሞ «ሆምካሚንግ» መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ጂሚ መጀመሪያ ይሞታል፣ ከአራት ዘፈን በኋላ መጥቶ ራሱን ያስተዋውቃል። ማናችንም አልከነከነንም። ጩኸቱ ይበቃን ነበር።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘፈን በሁለቱም ተራ ያው ናቸው። በ«አሜሪካን ኢዲየት» ይከፍታል፣ በ«ዋትስኸርኔም» ይዘጋል። መሀሉ ብቻ ነው የተበጠበጠው።

ትናንት በጣም የገረመኝ መገጣጠሚያው ነው። «ሆሊደይ» ሲያልቅ ጊታሩ አይዘጋም፤ እንደተንጫጫ ወደ «ቡሌቫርድ ኦፍ ብሮክን ድሪምስ» ይገባል። ያ ሁሉ ፉከራ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ይቀራል። እኛ ጋ «ሆሊደይ» ጫፉ ተቆርጦ ይቀር ነበር፤ «ቡሌቫርድ»ም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይጀምራል። የዘፈኑ ብቸኝነት ከምን በኋላ እንደመጣ ካልሰማህ፣ ተራ የፍቅር ብሶት ይመስልሃል። እኛም የምናዜመው እንደዚያ ነበር።

አልበሙ ውስጥ ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽና ስለ ኢራቅ ጦርነት ያለው ቁጣ አርጅቷል። ይሁን። ከዚህ ይልቅ አልበሙ እንዴት እንደተወለደ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሌላ አልበም ለመጨረስ ተቃርበው ሳለ ቅጂው ከስቱዲዮ ተሰረቀ። ያንኑ ደግመው ከመቅረጽ ይልቅ ከዜሮ ጀመሩ፤ የወጣው ይሄ ነው። ያንን ሌባ ባገኘው ፈረንጅ አራዳ ወስጄ ቡና እጋብዘዋለሁ።

«ዌክ ሚ አፕ ዌን ሴፕቴምበር ኤንድስ» ዶርም እያለን ያስቀን ነበር። ሰው እንዴት መስከረም እስኪያልቅ ልተኛ ይላል? እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ። (እርግጥ ጅማ በመስከረምም ዝናቡ አይለቃትም። ሌላው አገር ስለ አደይ አበባ ሲዘፍን እኛ ጃንጥላ ይዘናል።) ዘፋኙ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ አባቱን በካንሰር ያጣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1982 ነው። የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ ይህን አናውቅም።

ኀዘን ያለበት ቤት እንቁጣጣሽ እንዴት እንደሚውል ግን አሁን አውቃለሁ። ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። ብሉ፣ እንዲህማ አይሆንም ይላል። ልጆች አበባ ስለው በየቤቱ ሲሮጡ የዚያ ቤት ልጅ በር ላይ ቆሞ ያያል። ዓመቱ በመጣ ቁጥር ያው ወር ይመጣል። ያ ልጅ ይለፍና ቀስቅሱኝ ቢል ምን ያስቃል?

ሁሉም ግን አልጣመኝም። «ኤክስትራኦርዲነሪ ገርል» ያኔም አልወደድኩትም፣ አሁንም አልወደድኩትም። «ሆምካሚንግ» ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አምስት ቁራጭ ተሰፍቶ የተሠራ ነው። ባሲስቱም ድራመሩም የየራሳቸው ቁራጭ አላቸው። ስፌቱ ይታያል። «ጂሰስ ኦፍ ሰበርቢያ»ም አምስት ቁራጭ ነው፣ እሱ ግን እንደ አንድ እስትንፋስ ነው የሚሄደው። ፐንክ በሁለት ደቂቃ ተናግሮ የሚወጣ ሙዚቃ ነው፣ ይሄ ፐንክ አይደለም ለሚሉት መልስ የለኝም። ድራሙን ስሙትና ፍረዱ።

ማታ ሲዲውን ላመጣው ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት። አሁን ሌላ አገር ነው የሚኖረው። ትክክለኛውን ተራ ላኩለት።

«አቦ አትቀልድ! ጂሚ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞተው?» አለኝ።

«አዎ።»

«የኛው ይሻላል። ሞቶም ይመጣል።»

ከዚያ ወደ ድሮው ክርክር ገባን። ምርጡ የቱ ነው? እኔ «ሌተርቦምብ» ነው አልኩ። ልጅቷ ጥላው የምትሄድበት ነው፤ አልበሙ ውስጥ እውነቱን ፊት ለፊት የምትነግረው እሷ ብቻ ነች። እሱ አሁንም «ቡሌቫርድ» ይላል። ካፌ ሁሉ ሲያጫውተው ያሰለቸኝን ዘፈን! የግራሚ ሽልማት ወስዷል ብሎ ይከራከረኛል። ግራሚ ምን አገባው? እሁድ እደውላለሁ ብሏል፤ ይደውል፣ አልለቀውም።