ሚኒሞ አልይዝ ያለው ቮልስ

አዲስ የታደሰ ሞተር አስቸገረ ሲባል የሰው ሁሉ እጅ ቀድሞ የሚዘረጋው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ወደ ካርቡራተሩ ነው። ከላይ ተቀምጧል፣ ቪቴው በካቻቢቴ ይዞራል፣ ያዞረው ሰውም አንድ ነገር የሠራ ይመስለዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1971 ሥሪት የሆነችውን የእኔን ቮልስዋገን 1300 ለማየት የመጣ ሁሉ፣ ጎረቤትም ዘመድም፣ የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ ይህንኑ ቪቴ ሲነካካ በመጨረሻ ካቻቢቴውን መደበቅ ጀመርኩ። አሁን ሞተሩ ስለተረጋጋ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፈው።

መጀመሪያ ጭራሽ አልነሳም ነበር። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፣ ቤንዚን ይደርሳል፣ ካንዴላው ተነቅሎ ሲሞከር እሳት ይሰጣል። ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሩ በካርቡራተሩ አፍ ነበልባል ይተፋል። ሞተሩን ያደሱት ጋሼ ዕድሜያቸውን በቮልስ ሥር የጨረሱ ሰው ናቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ፑሊው ላይ ያለው ጭረት እንዳያታልልሽ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ነገሩ እውነት ነው። ፑሊው የሞተሩ ዋና ዘንግ የሆነው ክራንክ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ነው፤ ጭረቱም የእሳቱን ጊዜ ለማስተካከል የተደረገ ምልክት ነው። በዚህ ሞተር አንድ ሲሊንደር ሥራውን አንዴ እስኪጨርስ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ጭረቱ ከቦታው ሲገጥም አንደኛው ሲሊንደር ጨምቆ ሊሆን ይችላል፤ ጭሱን አስወጥቶ መጨረሱም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የጨመቀው ሦስተኛው ነው። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ፣ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ስፒንተሮጀኖ የሚያዞረው ዘንግ ግማሽ ዙር ዞሮ ከተቀመጠ የአንደኛው እሳት ለሦስተኛው ይደርሳል። የባልቦላውን (የሲሊንደሩን የአየርና የጭስ በሮች) ክዳን አውርደን አየን። አንደኛው ላይ ሁለቱም ባልቦላዎች ተዘግተዋል፤ የስፒንተሮጀኖው እሳት አዳይ ግን ፊቱን ወደ ሦስተኛው ገመድ አዙሮ ቆሟል።

ጋሼ ገመዶቹን ሁለት ሁለት ቦታ አዛውረው ሊገላገሉ ፈለጉ። ሞተሩ ልዩነቱን አያውቅም፤ እኔ ግን እንቢ አልኩ። ነገ ሌላ መካኒክ መጽሐፉ እንደሚያዘው ሲገጥመው ይኸው ጣጣ እንደ አዲስ ሊጀምር አይደል? የቤንዚን ፓምፑ ወጣ፣ ዘንጉ ተነሳ፣ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ወደ ሞተሩ ሆድ እንዳይወድቁ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን በቦታው መለስነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የባልቦላዎቹን ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ በስፒንተሮጀኖው ውስጥ ያለውን የፑንቲናውን ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር አደረግን። ቁልፉ ሲነካ ተነሳ።

ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ግን የለም። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳ ይጠፋል። የዚህ ሶሌክስ ካርቡራተር ጎን ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቆሚያ አለ፤ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» ብሎ የሚኒሞውን የነዳጅ መንገድ ይከፍታል፣ ሲዘጋ ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መንገራገጩን እንዳይቀጥል ይዘጋዋል። ሰው ቁልፉን ሲከፍት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፤ ጠቅታ የለም። ሽቦው በቦታው የተሰካ ይመስላል። ሳብ ሳደርገው ግን የላይኛው ፕላስቲክ ተለጠጠ፤ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሶ ኖሯል።

እሱ ከተቀጠለ በኋላ ሚኒሞ ያዘ፤ ግን ድምፁ ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ያላለፈ አየር ከሆነ ቦታ እየሳበ ነው ማለት ነው። የዚህ ሞተር የአየር ቧንቧ ሦስት ክፍል አለው፤ መሐለኛውን ከሁለቱ ጫፎች ጋር የሚያያይዙት አጫጭር ጎማዎች ናቸው። አንዳንድ ሰው ቀዳዳ ለመፈለግ እዚህ ላይ ቤንዚን ይረጫል፤ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ! እኔ በአበባ መርጫ ውሃ ረጨሁ። የግራው ጎማ ሲረጥብ ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። ከላይ ሲታይ ጎማው ምንም አልሆነም፤ ጣቴን በሥሩ ሳሳልፍ ግን ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ አለው።

ያናደደኝ ይህ ነው። ፒስተን ከነፋሻው፣ ብሮንዚናው፣ ጓርኒሲዮኑ ሁሉ ሲቀየር ርካሹ ጎማ «ገና ደህና ነው» ተብሎ ተመልሶ ተገጠመ። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርጄ ጎማ ጠየቅሁ። መጀመሪያ የቀረበልኝን ጠምዘዝ ሳደርገው መላ ገጹ ስለተሰነጣጠቀ ሻጩ ራሱ ስቆ ሌላ አመጣ። የዚህ ዓይነቷ ቮልስ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ አያስደንቅም።

የካርቡራተሩ ቪቴ ተራ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን እንግዶቼ ሁሉ ሲያዞሩት የከረሙት አይደለም። በዚህ ካርቡራተር የጉሮሮው መዝጊያ ሳህን ከሞላ ጎደል ተዘግቶ ይቀመጣል፤ የሚኒሞው ፍጥነት የሚስተካከለው በጎን ባለው ትልቁ ቪቴ፣ የነዳጁ መጠን ደግሞ በትንሹ ነው። ሳህኑን የሚገፋውን ቪቴ ወደ ኋላ መልሼ በሁለቱ ሳስተካክል በደቂቃ 850 ዙር ላይ ረጋ።

የቀረው ክርክር የከፍታ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራተሩ ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለዚህ ነው ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ የሚለብሱት። ጋሼ ዋናውን የነዳጅ ጄት ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ አዳማ የምመላለስ ሰው ነኝ፤ እዚያ ከ600 ሜትር በላይ ወርጄ አየሩ ሲወፍር ነዳጁ ያንሳል፣ ራዲያተር የሌለው ሞተርም ነዳጅ ሲያንሰው ይግላል። «ሁሉ ሰው የሚያስበው ዳገቱን ነው» አልኳቸው፤ አልተስማማንም። በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ይቀየራል፣ ባልቦላዎቹም እንደገና ይለካሉ። ካንዴላዎቹን ያኔ ነቅለን ቀለማቸውን አይተን እንወስናለን።