ሰማያዊ መብራት በአሮጌ ፕሌይስቴሽን ሆድ ውስጥ

የወንድሜ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የፕሌይስቴሽን ቤት አለችው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት መሣሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ባለፈው ክረምት ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ቤት ከፈተና ግድግዳውን በባለቀለም መብራት አንቆጠቆጠው። ልጆቹም እንደ እሳት ራት ወደዚያ ነጎዱ። በሳምንቱ የወንድሜ ልጅ አንዱን ፕሌይስቴሽን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ያስገቡልኝ።»

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ ለጌጥ ብዬ አንድ ብሎን ፈትቼ አላውቅም። ግን ክዳኑን ቀድሞ በመዳፍ ስፋት ቆርጦ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፎበት ስለመጣ እምቢ ለማለት ጊዜው አልፎ ነበር።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የወጣው ወፍራሙ ጥቁር ፕሌይስቴሽን ቱ ነው። በኋላ የመጣው ቀጭኑ በአብዛኛው ኃይሉን የሚያገኘው ውጭ ካለ አዳፕተር ሲሆን፣ ይህኛው የግድግዳውን 220 ቮልት በቀጥታ ወደ ሆዱ ያስገባል። እዚያ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ያጠራቅማል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይዞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ነቅዬው ቡናዬን እስከ በረካ ጠጣሁና ነው ካቻቪቴ ያነሳሁት።

መብራቶቹን መለጠፍ ቀላል ነው። ጭንቁ ኃይሉን ከየት መውሰድ እንዳለብን ነበር። ልጁ ከማራገቢያው ሽቦ ላይ እንድቀጥል ፈለገ፤ ስልኩ ላይ እንደዚያ ሲሠራ አይቷል። በቴስተር ስለካው ግን ማራገቢያው የሚደርሰው ቮልት አንድ ቦታ አይረጋም፤ መሣሪያው ሲግል ከፍ ይላል። ብርድ ባለበት ጠዋት የሚደበዝዝ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያንጸባርቅ መብራት ይሆናል ማለት ነው። ደግሞም የማቀዝቀዣን መስመር ለጌጥ መነካካት አልወድም። ዋናው የ12 ቮልት መስመርስ? እዚያ ብዙ ኃይል ስላለ አንዲት ሽቦ ብትሳሳት ብልጭታው ቀልድ አይደለም። የመጫወቻ እጀታዎቹን መስመር አስቤው እንኳ አልጨረስኩም፤ ቤቱ እንጀራ የሚበላው በእጀታዎቹ ነው።

የቀሩት ከፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ናቸው። ልጆቹ ምንም ሰክተውባቸው አያውቁም፤ አንደኛው ውስጥ የማስቲካ ወረቀት አግኝቻለሁ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ካሉት አራት የብረት እግሮች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ የኃይል ናቸው፤ አንዱ 5 ቮልት፣ ሌላው መሬት፣ ማለትም የኃይሉ መመለሻ። በደንቡ መሠረት አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊ አምፔር ሊሰጥ ይችላል። ጨዋታው ሲጠፋ ቴስተሩ ዜሮ አሳየኝ። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ጌጥ አንፈልግም።

ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ማለትም የምንለጥፋት ትንሿ መብራት፣ ወደ 3.2 ቮልት ይፈልጋል። ከ5 ሲቀነስ 1.8 ይተርፋል፤ ይህን ትርፍ የሚይዘው ፍሰቱን የሚገድበው ሬዚስተር ነው። 1.8ቱን በመብራቱ ውስጥ እንዲያልፍ ለምንፈልገው 20 ሚሊ አምፔር ብናካፍለው 90 ኦም ይወጣል፤ በቅርብ የሚገኘው ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ስለሆነ እሱን ወሰድኩ፤ 18 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። አራት መብራት 72 ሚሊ አምፔር ቢበላ ነው። ልጁ «ለአራቱም አንድ ሬዚስተር አይበቃም?» ብሎ ነበር። አይበቃም። ኤልኢዲዎች መንታ ሆነው አይወለዱም፤ አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይበራና ከድርሻው በላይ ይወስዳል፣ ሲግል ደግሞ ይብሱን ይስባል።

ይህን ሁሉ በኩራት ካስረዳሁት በኋላ እኔው ተሳሳትኩ። ሬዚስተሮቹን በመብራቶቹ በኩል በይጄ ረጅሙን ሽቦ ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ወደ ዩኤስቢው ወሰድኩት። ክዳኑን ስገጥም ሽቦው በብረቱ መሸፈኛ ጠርዝ ተፋቀ። ስናበራው ጨዋታው ተነሳ፣ መብራቱ ግን ጭል አላለም። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ማለቱ ነው የከፋኝ። ግማሽ ቀን ስፈልግ ቦርዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፊውዝ ተቃጥላ አገኘኋት። ከሞተ ቦርድ አቻዋን ነቅዬ ተካሁ፤ በዓይኔ ሳይሆን በጸሎት ነው የበየድኳት ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ሙከራ አራቱንም ሬዚስተሮች ከዩኤስቢው እግር አጠገብ አደረግኳቸውና በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። አሁን ከእነርሱ ወዲያ ያለው ሽቦ ብረት ቢነካ እንኳ የሚያልፈው 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ ፊውዟ አትሰማውም። ሬዚስተሩ ሩብ ዋት ይሸከማል፤ ሩብ ዋት ደግሞ ልኩ ነው። መብራቶቹን ከዲስክ ማንበቢያውና ከማራገቢያው ርቀው ክዳኑ ላይ በሲልከን አጣበቅኳቸው።

ሲበራ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሥራ ስጀምር የምናውቀው ኤልኢዲ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ነበር። ደማቅ ሰማያዊ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ለዚሁ ነው። እኔ ደግሞ የማስቲካ ወረቀት ከወጣበት ቀዳዳ ኃይል ወስጄ እግር ኳስ ለሚጫወቱ ልጆች አበራሁት።

ልጆቹ ተመልሰው እንደሆነ ስጠይቀው «ግማሾቹ» አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሁለተኛውን መሣሪያ በዚያው ፌስታል ይዞ መጣ። ይኼኛው ቀይ ይሁን ይላል። ቀይ 2 ቮልት ብቻ ስለሚበቃው ሬዚስተሩ 150 ኦም እንደሚሆን ነግሬው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ብየዳውን በዚህኛው ራሱ ይሠራል፤ እኔ ቡናውን እጠጣለሁ።